በየፌርማታው

ልጅቷ የትምህርት ቤቱን የአጥር ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ አልለቅም አለች። እናቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ለማላቀቅ ትታገላለች፤ አንዱ ሲላቀቅ ሌላው ይጣበቃል። ከአጥሩ ወዲያ ሠላሳ ስምንት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የወረቀት አበባ ይዘው "እንኳን ደህና መጣሽ" እያሉ ይዘምራሉ። ከአጥሩ ወዲህ፣ አስፋልቱ ላይ፣ ሦስት የከተማ አውቶቡሶች ተከታትለው ዝግ አሉና ክላክሳቸውን አንባረቁት።

"እማ፣ አስቁሚያቸው" አለች ልጅቷ።

"ላንቺ እኮ ነው የኔ ቆንጆ! ደስ ብሏቸው እኮ ነው! እስኪ እጅሽን አውለብልቢላቸው።"

"እማ፣ በናትሽ አስቁሚያቸው።"

ማን ያስቁማቸው? ያዘዘቻቸው ራሷ እናትየው ናት። የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ናት። በሾፌሮች ዘንድ ታሞ ወይም ተጎድቶ የከረመ ባልደረባ ወደ ሥራ ሲመለስ፣ ዴፖው ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ ክላክሱን ይነፋለታል፤ ከዚህ የሚበልጥ ክብር አያውቁም። ልጇ ኩላሊቷን ታማ አምስት ወር ከትምህርት ቤት ርቃ፣ ድና የምትመለስበት ቀን ሲደርስ፣ እናት ካላት ነገር ሁሉ ትልቁን ልትሰጣት አማራት። ቅዳሜ ለሾፌሮቹ ነገረች። እሁድ ለክፍሉ መምህርት ደወለች። ኬክ አዘዘች። ሁሉንም አሰበችበት፤ ልጅቷን መጠየቅ ብቻ ነው የረሳችው።

አራተኛ አውቶቡስ መጣና እሱም የድርሻውን ለቀቀው። ልጅቷ ጎንበስ አለችና ቁርሷን አጥሩ ሥር አስታወከችው። መዝሙሩ መሀል ላይ ተቆረጠ። አንድ ልጅ ሳቀ፤ ለክፋት አልነበረም፣ ልጅ ሲደነግጥ እንደሚስቀው ነው የሳቀው። ለልጅቷ ግን ሳቅ ሳቅ ነው።

ኬኩ ሳይቆረስ ወደ ቤት ተመለሰ።

ቤት ሲደርሱ ልጅቷ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቺ ልጅ በደህናው ጊዜ የቤት ስሟ ሬዲዮ ነበር። ያወጣላት አባቷ ነው፤ ጠዋት ዓይኗ ሲገለጥ የጀመረችውን ወሬ እንቅልፍ ካልወሰዳት አታቆምም ነበርና። ሆስፒታል በተኛችባቸው ሳምንታት እንኳ የነርሶቹን ስም፣ የልጆቻቸውን ስም፣ ደሞዛቸውን ሳይቀር ጠይቃ ጨርሳለች። መርፌ ሲወጓት አላለቀሰችም። መድኃኒቱ ፊቷን ሲነፋው መስታወት አይታ "ለጉንጬ ምርቃት ጨመሩልኝ" ብላ ቀልዳለች። እናቷ ይህን ቀልድ ለስንት ተሳፋሪ አውርታዋለች!

ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት "ድናለች፣ መድኃኒቷን እየጨረሰች ትማር" ብሎ የፈረመ ቀን ግን ሬዲዮው ጭጭ አለ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሆዷን ይቆርጣታል። ሐኪሙ እንደገና መረመራትና "ሆዷ ምንም የለበትም፤ የፈራችው ነገር አለ" አላቸው። እናት ይህን ሰምታ፣ ፍርሃትን በድግስ ማባረር ይቻላል ብላ ወሰነች።

"አታሞላቅቋት!" አለች የባልዋ እህት። ለአቀባበሉ ብላ የመጣች ናት፤ አቀባበሉ ቢቀርባትም ኬኩ አልቀረባትም። "እኔ ብሆን አንጠልጥዬ ክፍል አስገብቼ በሩን ዘግቼባት እወጣ ነበር። ልጅ ዛሬ ካሸነፈሽ ነገ አትችያትም።"

"ልክ ነሽ" አለ ወንድሟ፣ የልጅቷ አባት። "እኔንም ልጅ ሆኜ አንጠልጥለሽ አስገብተሽኝ አልነበር? በመስኮት ዘልዬ ወጣሁ። ይኸው አናጺ ሆኜ የሰው መስኮት ስገጥም እኖራለሁ።"

ባልየው ቢቀልድም አንጀቱ አሯል። አምስቱን ወር ሙሉ የክፍሉን ማስታወሻ ከጎረቤት ልጅ ደብተር እየገለበጠ፣ በዚያ በአናጺ ጣቱ፣ ለልጁ የጻፈላት እሱ ነው። ክፍልፋይ ለማስረዳት ጣውላ ቆርጧል። ልጅቷ በትምህርቱ ከማንም አታንስም፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ ደወለ። መጀመሪያ አዘነ፣ ከዚያ ደንቡን ነገራት። የግማሽ ዓመቱ መዝገብ የሚዘጋው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። እስከዚያ ቀን ክፍል ገብታ ካልተቆጠረች ዓመቱን ትደግማለች፤ ከታናናሾቿ ጋር ማለት ነው።

"ፈተና ብትወድቅ እንኳ እንረዳት ነበር" አላት። "ካልተቆጠረች ግን እጄ የታሰረ ነው።"

እናት ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች። ልጄ ትፈራ ይሆናል እንጂ እንዲህ አጥር ጨብጣ አትቀርም ነበር፤ ያባስኩት እኔ ነኝ ብላ አሰበች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷ ደግሞ ያፈሰሰችው በሠላሳ ስምንት ልጅ ፊት ነው፣ በክላክስ ታጅባ።

ማክሰኞ ማለዳ ዴፖ ስትገባ ሾፌሮቹ ከበቧት። "እንዴት ነበር? ደስ አላት? አለቀሰች?" አራተኛው አውቶቡስ ላይ የነበረው፣ ከሁሉ ጎረምሳው፣ ደረቱን ነፍቶ "የኔን ለየችው? ወፈር ያለው የኔ ነው!" አላት።

"ደስ ብሏታል፤ እግዜር ይስጣችሁ" አለችና ወደ መኪና ማጠቢያው ሄደች።

"ዋሸሽ" አላት አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

ጋሼ ፍሬን ናቸው፤ የዴፖው አሰልጣኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከለማጅ ሾፌር ጎን ሲቀመጡ ኖረው፣ አሁን ቤታቸው ሶፋ ላይ ሆነው እንኳ ቀኝ እግራቸው ሳያስቡት ወለሉን ይረግጣል ይባላል። ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው።

"ካንቺ ጋር ስንት ዘመን ሠራን? ውሸት አትችይበትም። ልጅቷ ምን ሆነች?"

ነገረቻቸው። አጥሩን፣ መዝሙሩን፣ ትውከቱን፣ የርዕሰ መምህሩን ስልክ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ጋሼ ፍሬን ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት።

"የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ሞተር ሳይክል ጋር ተጋጭተሽ አራት ወር ቤት ከዋልሽ በኋላ ስትመለሺ ክላክስ ነፋንልሽ አይደል? ያኔ የት ነበርሽ?"

"የት እሆናለሁ ጋሼ? እዚሁ ነዋ።"

"እዚሁ! ጎማ መጋዘን ውስጥ ነበርሽ። ከአሮጌ ጎማ ጀርባ ተወትፈሽ ትንሰቀሰቂ ነበር። ግማሽ ሰዓት ነው የፈለግንሽ።"

እውነት ነው። ሰው ያፈረበትን ነገር ሁለት ጊዜ በቀልድ ካወራው ሦስተኛው ላይ ይረሳዋል፤ እሷም ከዚያ ቀን የቀራት ክላክሱ ብቻ ነበር።

"ከዚያስ ማነው መሪ ያስጨበጠሽ?" አሉ ጋሼ ፍሬን።

"እርስዎ።"

"በዚያው ቀን?"

"ኧረ በዚያው ቀን አይደለም! የመጀመሪያውን ቀን በራሴ መስመር ላይ ተሳፋሪ አድርገው ሲያዞሩኝ ዋሉ። በማግስቱ ባዶ መኪና፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ። ከዚያ ባዶ መኪና መስመር ላይ፣ እርስዎ ከጎኔ ሆነው። ከዚያ ግማሽ ቀን ከተሳፋሪ ጋር።" እየተናገረች ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። "ከዚያ ሙሉ ቀን።"

"ሙሉ ሴትዮ በአምስት ቀን ያስገባሁትን፣ አንቺ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በአንድ ጠዋት? ያኔ አንቺ መንዳት ጠፍቶሽ ነበር? መንገዱ ጠፍቶሽ ነበር? የያዘሽ ሌላ ነገር ነበር።"

"ምን እንደያዘኝ በምን አወቁ?"

"አላወቅኩም። አልጠየቅኩሽምም። በአራተኛው ቀን አንቺው ነገርሽኝ።" ይህን ብለው ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ።

እናት ወደ ሾፌሮቹ ተመለሰች። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል፤ ቢሆንም ጀመረችው።

"ቅድም ዋሽቻችኋለሁ። ልጄ አልገባችም። ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የናንተ አይደለም። አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ትምህርት ቤት በር ስታልፉ ክላክስ የሚባል ነገር እንዳትነኩ።"

ጎረምሳው ሾፌር ደነገጠ። "መኪና መንገድ ቢዘጋብኝስ?"

"ወርደህ በትሕትና አናግረው።"

ሲሳሳቁ የሰኞው እፍረት ትንሽ ቀለለላት። በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤት ሄዳ ልጇም እንደ ዴፖው በየቀኑ አንድ አንድ እርምጃ እየተራመደች እንድትገባ ለርዕሰ መምህሩና ለክፍሉ መምህርት ስትነግራቸው ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ።

"እመቤት፣ ትምህርት ቤት እኮ አውቶቡስ አይደለም።"

"አይደለም" አለች የክፍሉ መምህርት፣ ወጣት ናት። "ግን ከሰኞው አቀባበል ይሻላል። እኔም እኮ ልጆቹን ሳዘምር ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ አልጠየቅኩም። ይሞከር።"

ረቡዕ ጠዋት እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ዛሬ ትምህርት ቤት አትገቢም። ከኔ ጋር መኪና ላይ ነው የምትውዪው። በበሩ እናልፋለን፤ አንወርድም።"

ልጅቷ ከግድግዳው ዞረች። "ቃል?"

"ቃል።"

"አቁመሽ 'እስኪ ትንሽ' አትዪኝም?"

"ፌርማታው ላይ ለተሳፋሪ እቆማለሁ። ያ ሥራዬ ነው። ላንቺ አልቆምም።"

ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለችው የመጀመሪያዋ ወንበር የልጅቷ ሆነች። ፊት ለፊቷ፣ ከመስታወቱ በላይ፣ "መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ አለ። በመጀመሪያው ዙር ትምህርት ቤቱ ሲቃረብ ልጅቷ ከመስኮቱ ዝቅ ብላ ተደበቀች። በሁለተኛው ዙር ግንባሯና ዓይኗ ብቻ ብቅ አለ። በሦስተኛው ዙር ሜዳው ላይ ስፖርት ነበር፤ ቀና ብላ ልጆቹን መቁጠር ጀመረች፣ መኪናው ግን ሳትጨርስ አለፈባት። እናት ይህን ሁሉ በመስታወት እያየች ምንም አላለችም። ዝም ማለት ለዚህች ሴት መኪና ወደ ኋላ ከመንዳት ይከብዳታል።

በአራተኛው ዙር ላይ፣ "እማ" የሚል ሰማች።

እናት በጣቷ ወደ ጽሑፉ አመለከተች። ቀጣዩ ፌርማታ ደረሰ፤ በሩ ተከፈተ። "አሁን ይቻላል" አለች ሳትዞር።

"ቦታዬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች?"

"አላውቅም የኔ ልጅ። መምህርቷን እጠይቅልሻለሁ።"

በሩ ተዘጋ፤ ሄዱ። የመብራት ማቋረጫውን አለፉ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ከአንድ ሽማግሌ በቀር የወረደ የለም።

"ሁሉም ፊቴን ያዩታል" አለች ልጅቷ።

"ኧረ አንቺ ቆንጆ ነሽ" የሚለው ምላስዋ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ሰኞ ለት የተዘመረው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

"አዎ፣ ያዩታል" አለች። "የመጀመሪያ ቀን ያዩታል።"

"ሁለተኛው ቀንስ?"

በሩ ተዘግቶ ነበር። መልሱ እስከ ሦስተኛው ፌርማታ ቆየ። "ሁለተኛው ቀን ትንሽ ያያሉ። ከዚያ ይሰለቻቸዋል።"

አራተኛው ፌርማታ ላይ ልጅቷ ምንም አላለችም። አምስተኛውም ላይ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ስድስተኛው የገበያው ፌርማታ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ይሳፈራል፣ ከረጢት ይጫናል፣ ትኬት ቆራጩ "ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ!" ይላል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል፣ ከእናቷ ጆሮ ሥር፣ ልጅቷ እንዲህ አለች፦

"መድኃኒቱ ሽንቴን ያስቸኩለኛል።"

"አውቃለሁ።"

"በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለቴ። አንዳንዴ ሦስቴ። እጄን አውጥቼ 'ልውጣ' ማለት አለብኝ፤ ሁሌ ሁሉም ይዞራል። ባይፈቅዱልኝስ? እማ፣ ቢያመልጠኝስ?"

ሰው ሁሉ ተሳፍሯል። በሩ ሊዘጋ ይገባል። ይቺ ሴት ከሁለት ደቂቃ በላይ አርፍዳ አታውቅም፤ በየዓመቱ የሚሰጣት የምስጋና ወረቀት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተደርድሯል። የእጅ ፍሬኑን ሳበችው። ወንበሯ ላይ ሙሉ ለሙሉ ዞረች፤ መስታወት ትታ ልጇን በዓይኗ አየቻት።

"ሾፌር፣ እንሂድ እንጂ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"አንድ ጊዜ ይታገሱኝ!" አለችና ወደ ልጅቷ ዝቅ አለች። "እስከ ዛሬ ይሄን ብቻሽን ይዘሽ ነበር?"

ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"ስሚኝ። እኔ ከግጭቱ በኋላ ስመለስ የፈራሁት መኪናውን አልነበረም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተሳፋሪ ያየኝ ይሆን እያልኩ ነበር የምሞተው። ይህን ለማንም ሳልናገር አራት ቀን ፈጀብኝ። አንቺ በአንድ ጠዋት ተናገርሽ። ኮራሁብሽ። መርፌውን ስትችዪ ኮርቼብሽ ነበር፤ ዛሬ ግን ይበልጣል።"

"ሾፌር!" አለ ያው ሰው።

"ተዋት አንተ!" አሉ ከረጢት የያዙ አንዲት ሴትዮ። "ልጇን እያነጋገረች ነው። ቸኩለህ የት ልትደርስ ነው?"

"ሥራ ነዋ!"

"እሷስ ሥራ ላይ አይደለችም? የልጅ ነገር ከሥራ ሁሉ ይከብዳል። ተቀመጥ።"

ሰውዬው መቀመጫ ስላልነበረው ቆሞ ዝም አለ። ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ሰዓቱን አየች። "እማ፣ አራት ደቂቃ አርፍደሻል።"

እናት ፍሬኑን ለቀቀች። ከዚያ በኋላማ ሬዲዮው ተከፈተ! ልጅቷ ለጽሑፉ ደንታ ሳይኖራት እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ስታወራ ሄደች፤ ስለ ክፍሏ፣ ስለ ሰኞው ሳቅ፣ ከረጢት ስለያዙት ሴትዮ። ሴትዮዋም ሲወርዱ "ይቺ ልጅ አንድ ቀን የምክር ቤት አባል ትሆናለች" ብለው ወረዱ።

ሐሙስ፣ ተማሪ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ገቡ። ወንበሮቹ ዴስኩ ላይ ተገልብጠው ተሰቅለዋል፤ ሰሌዳው ገና ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። መምህርቷ እናቷ የነገረቻትን ሰምታለች፤ ቢሆንም በቀጥታ ልጅቷን ጠየቀቻት።

"ቦታሽ ላይ አዲስ የመጣች ልጅ አለች። ላስነሳልሽ?"

ልጅቷ አሰበችበት። "አይ። በሩ ጋ ይሻለኛል።"

"ጥሩ። መውጣት ስትፈልጊ ደግሞ እጅ አታወጪም። ተነሺና ውጪ፤ እኔ አልጠይቅሽም።"

እናት "ተገላገልን" ብላ ልትተነፍስ ስትል ልጅቷ በእምቢታ ራሷን ወዘወዘች።

"እኔ ብቻ ሳልጠይቅ ከወጣሁ ያው ነው። 'እሷ ለምን?' ይላሉ። ሁሉም ሳይጠይቅ ቢወጣስ?"

"ሠላሳ ዘጠኛችሁም?"

"አንድ በአንድ። አንዱ ሲመለስ ሌላው። ዝም ብሎ።"

መምህርቷ ወደ እናት አየች፤ እናት ወደ ጣሪያው አየች። ይህን እሷም፣ ሐኪሙም፣ ያን ሁሉ ደንብ የሚያነበው ርዕሰ መምህርም አላሰበውም። በመጨረሻ መምህርቷ ጠመኔ አነሳችና በሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፈችው። "ነገ ለክፍሉ አነበዋለሁ" አለች። "ሐሳቡ የማን እንደሆነ ልንገራቸው?"

"አይንገሩ" አለች ልጅቷ። ፊቷ ላይ ግን ያ የተነፋ ጉንጭ በፈገግታ ይበልጥ ተነፋ።

አርብ ጠዋት እናት ዘፈን እያንጎራጎረች ልጇን ልትቀሰቅስ ስትገባ፣ ልጅቷ ሆዷን ይዛ ተጣጥፋ አገኘቻት።

"አልሄድም።"

እናት ክው አለች። ይህን ሁሉ መጥተን! የባልዋ እህት ምክር ጆሮዋ ላይ ጮኸ፤ እጇ ወደ ብርድ ልብሱ ተዘረጋ። ባልዋ ከበሩ ላይ ሆኖ በዝግታ፣ "አንቺ ከግጭቱ ስትመለሺ ሦስተኛው ቀን ላይ መሪውን ጥለሽ ወርደሽ የለም እንዴ? ለኔ የነገርሽኝ እንደዚያ ነው" አላት። እጇን ሰበሰበች።

"እሺ፤ ጠዋት አንሄድም" አለች። "ሲያልቅ ባዶውን ክፍል ደግመን እናያለን። ትናንት ያየሽውን። ሌላ ምንም የለም።"

ባዶው ክፍል ግን ዛሬ ባዶ አልነበረም፤ አንድ ልጅ ወንበር ይሰቅል ነበር፤ የጽዳት ተራው ነው። ልጅቷን ሲያይ የያዘው ወንበር ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ።

"ሰኞ የሳቅኩት እኔ ነኝ" አላት።

"አውቃለሁ።"

"ደንግጬ ነው።"

"እኔም።"

ልጁ ወንበሩን ሰቀለና፣ "ኬክ ነበር ብለውን ነበር" አለ። "የት ደረሰ?"

"አክስቴ በላችው።"

"ሙሉውን?"

"ክሬሙን ለኛ ተወችልን።"

ኮሪደር ላይ የቆመችው እናት የሰማችው የሁለት ልጆች ሳቅ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሰኞ ደረሰ። መዝሙር የለም፣ የወረቀት አበባ የለም። ልጅቷ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች፤ እናቷም እጇን ያዘቻት እንጂ አልሳበቻትም። ደወሉ ሲደወል ያ የሳቀው ልጅ ከሰልፉ ውስጥ ሆኖ ቦታ ለቀቀላት። ልጅቷ እጇን ከእናቷ እጅ አውጥታ ገባችና ተሰለፈች። አንዳንዱ ፊቷን አየ። እሷም መልሳ አየችው።

እናት የጠዋቱን ፈረቃ ፈቃድ ወስዳለች። ኮሪደሩ ላይ ባለች አግዳሚ ወንበር፣ ከክፍሉ በር ትይዩ ተቀመጠች። ከውስጥ መምህርቷ ስም ትጠራለች። አንዱ "አቤት" ይላል፣ ሌላው "አቤት" ይላል። እናት ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቅ አንዲት ቀጭን፣ በደንብ የምታውቃት ድምፅ፣ "አቤት" አለች። ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ለመውሰድ ሲመጣ፣ ይቺ ሴት ለምን በሁለት እጇ አፏን እንደያዘች ሳይጠይቅ አለፈ።

አንደኛው ክፍለ ጊዜ አለፈ። ሁለተኛው ሲጋመስ በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ብቻዋን ወጣች። ማንንም ሳትጠይቅ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ሳትሮጥ በኮሪደሩ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደች። እናት ከመቀመጫዋ ልትነሳ ብላ ራሷን ያዘች። ልጅቷ እጇን ታጥባ፣ ውሃውን እያራገፈች ስትመለስ አግዳሚው ወንበር ጋ ቆመች።

"እማ! አሁንም እዚህ ነሽ?"

"ልሄድ ነበር እኮ።"

"ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ነው። ሰው ያይሻል።"

"ቢያየኝስ?"

"'እናቷ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች' ይሉኛላ! ሕፃን ነኝ እንዴ?" የበሩን እጀታ ያዘች። ከውስጥ የመምህርቷ ድምፅ ክፍልፋይ ሲያስረዳ ይሰማል። "ይሄንን አባዬ በጣውላ አስተምሮኛል፤ አውቀዋለሁ። በቃ ሂጂ። ቻው።"

በሩ ተዘጋ።

እናት ወንበሩ ላይ ቀረች። እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል፣ ከአንጀት ከመጣ ደግሞ እንባ አይገድም። በሕይወቷ ብዙ ነገር አኩርቷታል፤ መንጃ ፈቃዷ፣ የግድግዳው ወረቀት፣ ባልዋ የገጠማቸው መስኮቶች። ከልጇ አፍ "ሂጂ" መባል ግን እንዲህ ደረት እንደሚሞላ አታውቅም ነበር። ፊቷን አብሳ ስልኳን አወጣችና የዴፖውን ስምሪት ክፍል ደወለች።

"የከሰዓቱን ፈረቃ እገባለሁ" አለች።

"ልጅቷስ?" አለ የስምሪቱ ሰው።

"ክፍል ውስጥ ናት።"

"እሰይ! እሰይ! እድለኛ ነሽ፤ አሥራ አራት ቁጥር ራሱ ክፍት ነው። በየዙሩ በበሩ ስታልፊ በአጥሩ እያየሻት ትውያለሽ።"

እናት የተዘጋውን በር አየች። ከሰዓት በኋላ ረፍት አለ፤ ልጆቹ ሜዳው ላይ ይወጣሉ። አሥራ አራት ቁጥር እስኪመሽ ሰባት ጊዜ በዚያ አጥር ሥር ያልፋል።

"አይ" አለች ቦርሳዋን እያነሳች። "በዚህ በር የማያልፍ መስመር ስጠኝ።"